ጎረቤት ሲለያይ የመንገዱን ሒሳብ ማን ይከፍላል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ደሴ ይወጣል። ሌላው በባቲ በኩል ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ አሰብ ይወርዳል። ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔ በኩል ሚሌ የሚገባው የቆላ መንገድ ከመሠራቱ በፊት ዋናው የአሰብ መንገድ ይኸው ነበር። የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ባሕር አይታያትም፤ ነገር ግን የገበያዋ ዋጋ ከወደብ ተለይቶ አያውቅም።

የአሰብ መንገድ ታሪክ ለነጋዴው አንድ ነገር ያስተምራል። አዲስ መንግሥት በጎረቤት መቆሙ ብቻውን ንግድን አያቆምም። ንግድ የሚቆመው ገንዘብ ሲለያይና የመክፈያው ደንብ ሳይዘጋጅ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ሒሳቡ የሚወርደው ድንበር ላይ ባሉት ላይ ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ዳር በተቀመጡት ከተሞችም ላይ ነው።

ሁለት መንግሥት፣ አንድ ብር

ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ አካሂዳ ግንቦት 16 ቀን ነፃነቷን በይፋ አወጀች። እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ በዚያ ዕለት የባሕር በር የሌላት አገር ሆነች። ይሁን እንጂ በገበያው ላይ ወዲያው የታየ ድንጋጤ አልነበረም። ሁለቱ መንግሥታት በዚያው ዘመን በተፈራረሙት ስምምነት ኢትዮጵያ በአሰብና በምፅዋ እንድትጠቀም ተፈቀደ። ብር የሁለቱም አገሮች መገበያያ ሆኖ ቀጠለ። አስመጪው የወደብ ክፍያውን በብር ይፈጽም ነበር። ጤፍና ሌላው እህል ወደ ሰሜን ሲሄድ የአሰብ ጨው ወደ መሐል አገር ይገባ ነበር።

ይህ ሁኔታ አራት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆየ። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን የራሷን ገንዘብ አወጣች። የአስመራ ፍላጎት ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ እየተመነዘሩ በሁለቱም አገር እንዲሠራባቸው ነበር። አዲስ አበባ ይህን አልተቀበለችም። አዲስ የብር ኖቶች አሳተመች፤ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ የሁለቱ አገሮች ግብይትም በውጭ ምንዛሪና በባንክ ኤልሲ እንዲፈጸም ወሰነች።

በመርሕ ደረጃ ይህ በማንኛውም ሁለት አገሮች መካከል ያለ አሠራር ነው። በተግባር ግን ትናንት በጥሬ ብር ጨው ጭኖ ይመለስ የነበረው ነጋዴ በአንድ ሌሊት የዶላር ወረፋ ውስጥ ገባ። ዶላር የሌለው ሥራውን አቆመ፤ አለዚያም በጓሮ መንገድ ሄደ።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ገንዘብ መለያየት የግድ ንግድን አያጠፋም። ቼክና ስሎቫኪያ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1993 ሲለያዩ የጋራ ገንዘባቸው ስድስት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ነገር ግን አስቀድመው የጉምሩክ ኅብረት መሥርተው ነበር። ባንኮቻቸውም የሁለቱን አገር ነጋዴዎች ሒሳብ የሚያቻችሉበት የክሊሪንግ ስምምነት ነበራቸው። ስለዚህ ዕቃው ሳይቋረጥ ተንቀሳቀሰ።

በአንጻሩ ከሶቭየት ኅብረት የወጡት አዳዲስ መንግሥታት በሩብል መገልገላቸውን ቀጥለው ሳለ ሩሲያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 የድሮዎቹን ኖቶች ከሥራ ውጭ አደረገች። ብዙዎቹ ጎረቤቶቿም ተጣድፈው የየራሳቸውን ገንዘብ ለማውጣት ተገደዱ። የኢትዮጵያና የኤርትራ መለያየት የቀረበው ወደዚህኛው ነው። የገንዘቡ ለውጥ መጣ፤ የማቻቻያው ውል ግን አልተከተለውም።

አሰብ ላይ የቀረ ንብረት

ናቅፋ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሚያዝያ 1990 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በባድመ አካባቢ የተነሣው ግጭት ወደ ጦርነት ተለወጠ። ኢትዮጵያ በአሰብ መጠቀሟን አቁማ ፊቷን ወደ ጅቡቲ አዞረች። ጅቡቲ ራሷ ነፃ የወጣችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው።

በዚህ መካከል በአሰብና በምፅዋ ተራግፎ ያልተጫነ የኢትዮጵያውያን ዕቃ እዚያው ቀረ። ከታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. የአልጀርስ ስምምነት በኋላ ጉዳዩ የሁለቱን አገሮች የካሣ ጥያቄ ለሚመለከተው ኮሚሽን ቀረበ። ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ኢትዮጵያ በወደቦቹ ስለቀረው ንብረት ያቀረበችውን ጥያቄ ውድቅ አደረገው።

ለአስመጪው ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። በዓለም አቀፍ የባሕር መድን ልማድ የጦርነት አደጋ ሽፋን የሚሠራው ዕቃው መርከብ ላይ ሳለ ነው። ዕቃው ወደብ ላይ ከተራገፈ፣ ወይም መርከቡ ማራገፊያው ወደብ ከደረሰ 15 ቀን ከሞላው ሽፋኑ ያበቃል። ስለዚህ በጎረቤት አገር መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ሰላም እስካለ ድረስ ሀብት ነው። ሰላም ሲጠፋ ግን ባለቤቱ የመድን ድርጅቱንም ፍርድ ቤቱንም ተማምኖ ሊቀመጥ አይችልም።

ኪሳራው ከሚሴ እንዴት ይደርሳል?

ከጅቡቲ በጋላፊ በኩል ገብቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ከባድ መኪና ሚሌ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፎ በአዋሽ በኩል ወደ አዳማ ያመራል። ለኮምቦልቻና ለደሴ የተጫነው ደግሞ ከሚሌ ወደ ባቲ ይወጣል። በዚህ አቅጣጫ የወደብ ጭነት ለባቲ ጥቂት ሲተርፍላት ከሚሴ ከሁለቱም ውጭ ሆና ትቀራለች። የሾፌርና የረዳት ማደሪያ፣ የጎሚስታው፣ የነዳጅ ማደያውና የሥጋ ቤቱ ገቢ የሚቆመው በሚያልፈው መኪና ብዛት ነውና ውጤቱ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ዋጋ ነው። የዞኑ ገበሬ የሚያመርተው ማሾ ለውጭ ገበያ የሚሄድ ሰብል ነው። ላኪው ዋጋውን የሚያሰላው ከወደቡ ወደ ኋላ ተነሥቶ ነው። ለስሌት ያህል የውጭ አገር ገዥ 100 ቢከፍልና ከዚህ ላይ 20 ለማጓጓዣና ለወደብ ቢወጣ ለላኪው፣ ለሰብሳቢውና ለገበሬው 80 ይቀራል። ማጓጓዣው ወደ 30 ቢያድግ የውጭው ገዥ ዋጋውን አይጨምርም፤ ከሌላ አገር ሻጭ ጋር እያወዳደረ ነውና። የጎደለው 10 የሚቀነሰው ከአገር ውስጥ ድርሻ ሲሆን ከሁሉም በላይ የሚነካው መደራደሪያ አቅም የሌለውን ገበሬ ነው።

ከውጭ በሚገባው ዕቃ ላይ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። በማዳበሪያ፣ በብረትና በጎማ ላይ የጨመረው የማጓጓዣ ወጪ ተደምሮ ለገዥው ይተላለፋል። በመሆኑም ከወደብ የራቀ ከተማ ሲሸጥም ሲገዛም ይከፍላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ በዶላር የሚታሰበው የወደብ ክፍያ በብር ሲተመን ይበልጥ ከብዷል።

የሁሉም ኪሳራ አንድ ዓይነት አልነበረም። የአሰብ ጨው ሲቋረጥ በአፋር ክልል የአፍዴራ ጨው ገበያውን ተረከበ። እዚያ ቀድሞ የገባ ባለሀብት ተጠቅሟል። ድንበር ሲዘጋ ምትኩን ዕቃ በአገር ውስጥ ማን ያቀርባል ብሎ ቀድሞ የጠየቀ ነጋዴ ከሌላው ይልቅ ዕድል አለው።

የ2011 ዓ.ም. ደስታ

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ሁለቱ መሪዎች አስመራ ላይ የሰላም መግለጫ ፈረሙ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳና በአሰብ መንገድ ላይ ያለው ቡሬ ተከፈቱ። ብዙ ነጋዴ የአሰብ መንገድ ተመለሰ ብሎ ተስፋ አደረገ። በሰሜን በኩል ጤፍና የግንባታ ዕቃ በጥሬ ገንዘብ ሲጎርፍ ሰነበተ። ነገር ግን ምንዛሪው በስንት ይታሰባል፣ ቀረጡ በየትኛው ሰነድ ይከፈላል፣ የወደቡ ታሪፍ ምን ያህል ነው ለሚሉት ጥያቄዎች ነጋዴው ሊሠራበት የሚችል ደንብ አልወጣም። መተላለፊያዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የቡሬውም በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ተዘጋ። በ1990 ዓ.ም. ንግዱን ያደናቀፈው ጉድለት ከ21 ዓመት በኋላም ሳይሞላ ተገኘ።

የአገር ውስጡ ሰላምም ከዚህ አይለይም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ኮምቦልቻንና ከሚሴን ሲያዳርስ የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ራሱ ተቋረጠ። መንገድ ካልተጠበቀ በሌላ አገር ወደብ ማግኘቱ ብቻ ለከሚሴ ገበያ ፋይዳ የለውም።

ነጋዴው ምን ይመልከት?

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር በር ጉዳይ በመንግሥት ደረጃ በይፋ ተነሥቷል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈርሟል፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሊያ ጋር የአንካራ መግለጫ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር በየከተማው የመሬትና የመጋዘን ደላላ ዋጋ መጥራት ይጀምራል። ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት ግን ነጋዴው አራት ነገሮችን ቢጠይቅ ይበጀዋል።

አንደኛ፣ ክፍያው በየትኛው ገንዘብ ነው? የሚያቻችለውስ የትኛው ባንክ ነው? ሁለተኛ፣ የጉምሩክና የትራንዚት ደንቡ ተፈርሞ በሥራ ላይ ውሏል ወይስ መግለጫ ብቻ ነው? ሦስተኛ፣ ዕቃው ከመርከብ ከወረደ በኋላ መድኑ እስከ የት ድረስ ይሸፍናል? አራተኛ፣ መንገዱ ቢዘጋ በሌላ በኩል ለማዞር ስንት ይፈጃል?

ከአራቱ ለሁለቱ እንኳ መልስ ካልተገኘ ዜናው ለፖለቲካው እንጂ ለመጋዘን ሥራ ገና አልደረሰም። ጅቡቲ ዛሬም ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ጭነት የምታስተናግደው ለአራቱም ጥያቄዎች የታወቀ መልስ ስላላት ነው፤ መልሱ ውድ ቢሆንም።