ሙዳየ ምጽዋትና ጎታ፦ ሰበካ ጉባኤ በራያ ቆቦ

የራያ ቆላ ገበሬ ለደብሩ በየወሩ ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው አይደለም። በዞብል ተራሮችና በምዕራቡ ደጋ መካከል የተዘረጋው የቆቦ ሜዳ በዝናብ ብቻ አያበላም። ከደጋው የሚወርደው የሆርማትና የጎሊና ጎርፍ ተጠልፎ ማሳው ላይ ካልተለቀቀ ማሽላውም ጤፉም ተስፋ የለውም። ጎርፉ በጊዜው ከመጣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አውድማው ይሞላል፤ ገበሬውም በኩራቱን በአህያ ጭኖ ወደ አጥቢያው ይሄዳል። ጎርፉ የቀረ ዓመት ግን የደብሩ ጽሕፈት ቤት የደረሰኝ ጥራዝ ሳያልቅ ሰኔ ይገባል።

ይህን ወጣ ገባ ገቢ ይዞ ቄሱን የሚያኖር፣ ጧፍና ዕጣን የሚገዛ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ የሚያስጠግን፣ የተቸገረ የሚረዳ አካል ሰበካ ጉባኤ ይባላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአጥቢያ እስከ ጠቅላይ ቤተ ክህነት የተዘረጋ መዋቅር ነው። በአጥቢያ ደረጃ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተመረጡ ሰዎች ለ3 ዓመት ይቀመጡበታል። ሊቀ መንበሩ የደብሩ አስተዳዳሪ ነው። ከላዩ ወረዳ ቤተ ክህነት አለ፤ ከዚያ በላይ ወልድያ ያለው የሰሜን ወሎ ሀገረ ስብከት፣ መጨረሻው አዲስ አበባ ነው። በአዲስ አበባ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ በሚደረገው አጠቃላይ ጉባኤ አህጉረ ስብከቱ ተራ በተራ ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ስንት አባል እንዳፈሩ፣ ከገቢያቸው በመቶኛ የሚላከውን ፈሰስ ስንት እንዳስገቡ ይነበባል።

ሰበካ ጉባኤ ጥንት የነበረ ሥርዓት የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። መተዳደሪያው የሆነው ቃለ ዓዋዲ የወጣው በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ፕትርክና ነው። ከዚያ በፊት አድባራቱን ያኖራቸው የነበረው በዋናነት መሬት ነው። ካህኑ ለሚቀድስበት፣ ደብተራው ለሚዘምርበት የሰሞን መሬት ነበረው፤ ያርሳል ወይም ያሳርሳል፣ ያገለግላል። ቃለ ዓዋዲው በወጣ በ2 ዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ አደረገው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። መሬትም የሚከራይ ቤትም ያጣችው ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ባይኖር ኖሮ በምን ትቆም እንደነበር ማሰብ ይከብዳል። አቡነ ቴዎፍሎስ ራሳቸው ግን የዘረጉት መዋቅር ሥር ሲሰድ ለማየት አልታደሉም፤ በ1968 ዓ.ም. ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተሻሽሏል፤ ከማሻሻያዎቹ አንዱ የ1991ዱ ነው።

የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ብዙ ጊዜ በደብሩ ቅጥር ውስጥ ያለች አንዲት ቆርቆሮ ክፍል ናት። በከተማ ደብር ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሹም፣ ገንዘብ ያዥና ቁጥጥር ለየብቻ ደሞዝተኛ ሆነው ይቀመጣሉ። ወደ ገጠሩ ሲወጣ አንዱ የአብነት ተማሪ የነበረ ዲያቆን ጸሐፊም መዝገብ ያዥም ይሆናል፤ የሚከፈለውም አንድም በእህል ነው፣ አንድም የለም። ቄሱም ቢሆን ከቅዳሴ መልስ ጅራፉን ይዞ ማሳው ላይ ነው የሚገኘው።

ከጽሕፈት ቤቱ ሥራ ሁሉ የሙዳየ ምጽዋት ቆጠራን ያህል ደንቡ የሚታይበት የለም። ሣጥኑ ከአንድ በላይ ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹም በተለያየ ሰው እጅ ናቸው። አንዱ ከቀረ አይከፈትም። ሲከፈት ጨርቅ ይነጠፋል፣ ይዘረገፋል። ላብ ያጣበቀው ብር፣ አራት ቦታ የታጠፈ አሥር ብር፣ ሳንቲም፣ አንዳንዴም ስሙ ያልተነገረ ሰው የጣለው የወርቅ ቀለበት አብሮ ይወጣል። ብሩ እየተዘረጋ በዓይነቱ ይደረደራል፤ መቶ መቶው ይታሰራል። አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ደግሞ ይቆጥረዋል፣ ሦስተኛው ይጽፋል። ቃለ ጉባኤው ላይ የተገኙት ሁሉ ይፈርማሉ፤ ገንዘቡ በደረሰኝ ገቢ ይሆንና ባንክ ይገባል። ከባንክ የሚወጣው በጣምራ ፊርማ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየር ሣጥናቸውን ከዓመት በዓል እስከ ዓመት በዓል የማይከፍቱ አጥቢያዎች እንኳ ለመክፈት ተገደዋል፤ አሮጌው መቶ ብር ሣጥን ውስጥ ቢቆይ ኖሮ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር።

የቆላው ጽሕፈት ቤት ከከተማው የሚለይበት ነገር ግን ገንዘብ ላይ አይደለም፣ እህል ላይ ነው። ቃለ ዓዋዲውን ስታነቡት የደመወዝተኛ አገር ደንብ ይመስላል፦ የአባልነት ክፍያ፣ ደረሰኝ፣ የባንክ ሒሳብ፣ በመቶኛ የሚላክ ፈሰስ። የቆቦ ዙሪያ ገበሬ የሚያመጣው ግን ሁለት ቁና ጤፍ፣ ግማሽ ኩንታል ማሽላ፣ ለስእለቱ ጠቦት ነው። ጸሐፊው ይህንን በምን ሒሳብ ይመዝግበው? በዕለቱ የገበያ ዋጋ ቢተምነው፣ ሲሸጥ ዋጋው ሌላ ይሆናል። ታኅሣሥ ላይ እህል ርካሽ ነው፤ ሰኔ ላይ ይወደዳል። ማቆየት ያዋጣል፤ ግን ቆላ ነው፣ ነቀዝ አለ፣ ጎታውን የሚጠብቅ ሰውም ይፈልጋል። አንዳንዱ ኮሚቴ ፈራ ተባ እያለ ወዲያው ይሸጣል፣ አንዳንዱ ጨክኖ ያቆያል። በእኔ አስተያየት የአንድ የራያ ሰበካ ጉባኤ ብቃት የሚለካው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ እህል አያያዝ የሚያውቁ ገበሬዎች ኮሚቴው ውስጥ ካሉ ደብሩ ይጠቀማል፣ ንግግር አዋቂ ብቻ ከተመረጠ ነቀዝ ይበላዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 መዘጋቱም ለቆላው አይመቸውም፤ ሪፖርት የሚጻፈው ጎታው ባዶ በሆነበትና ሰው ለዘር በሚጨነቅበት ወር ነው። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የአንበጣ መንጋ የራያን ማሽላና ጤፍ ሲያወድም፣ ሰጪው ራሱ ተረጂ ሆነ። እንዲህ ባለ ዓመት የደብሩ ሥራ መሰብሰቡን ትቶ ማካፈል ይሆናል፤ ለዚህም የችግረኛ ስም ዝርዝር ያስፈልጋል፣ ዝርዝሩን ደግሞ ከሰንበቴና ከዕድር ሰዎች የተሻለ የሚያውቀው የለም።

ትልቁ ገንዘብ የሚገባው በንግሥ ነው። ኅዳር 12 የሚካኤል፣ ሚያዝያ 23 የጊዮርጊስ ሲነግሥ ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ ሜዳውን ይሞላዋል፤ ወጣቶች ጥላ ዘቅዝቀው በሰው መሃል ይዞራሉ። ከዚያ ጨረታው ይጀመራል። አንዱ ፍየል ያመጣል፣ አንዷ ቅቤ በቅል፣ አንዱ ጋቢ። ድምፁ ጎላ ያለ ሰው ማይኩን ይይዝና ዋጋ ያስጠራል። አሸናፊው ከፍሎ «ለታቦቱ መልሼ ሰጥቻለሁ» ይላል፤ እልልታው ይቀልጣል፣ ያው ፍየል እንደገና ይሸጣል። አንድ ፍየል በአንድ ከሰዓት ሦስቴ አራቴ ሲሸጥ ጸሐፊው እያንዳንዱን ዙር ለብቻው መጻፍ አለበት። የተጠራው ዋጋ ሁሉ እዚያው አይከፈልም፤ «ለሳምንት አመጣለሁ» የሚል አለ። የቃል መዝገብ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ካልተያዘ የንግሡ ገቢ ግማሹ በአየር ላይ ይቀራል።

ሕዝቡ በሰበካ ላይ የሚያነሳው ቅሬታም መደበቅ የለበትም። ብዙ አጥቢያ ላይ ሰው የአባልነት ካርዱን የሚያስታውሰው ሞት ሲመጣ ነው። አስከሬን ቤት አስቀምጠው «የሰበካ ከፍሏል ወይ?» ሲባሉ፣ የዓመታት ውዝፍ ተደምሮ ሲጠየቁ፣ ሐዘንተኞች ምሬታቸው ይገባል። ኮሚቴውም መልስ አለው፤ ዓመቱን ሙሉ ያልከፈለ ሰው ለፍትሐቱ ካህናትን ይፈልጋል፣ ካህናቱ ደግሞ ይበላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን በሐዘን ቀን ውዝፍ መጠየቅን አልደግፍም፤ ጥር ላይ፣ እህል ቤት ሲገባ፣ ቤት ለቤት ዞሮ መሰብሰብ የኮሚቴ ሥራ ነው።

መዝገብ የሚጠቅመው ለገንዘብ ብቻ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በቆቦ ከተማ የትግራይ ኃይሎች ሲቪሎችን በገደሉ ጊዜ ሟቾቹ የተቀበሩት በከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በጊዮርጊስና በሚካኤል አብያተ ክርስቲያናት ግቢ አዲስ መቃብር መታየቱን በሳተላይት ምስል አረጋግጧል። ማን የት እንደተቀበረ የሚያውቀው የአጥቢያው ሰው ነው፤ ከተጻፈ ደግሞ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የንብረት መዝገቡም እንደዚሁ ነው። ብራናው፣ መስቀሉ፣ ጽናጽሉ በቁጥር ተመዝግቦ ከአንዱ ቄሰ ገበዝ ወደ ሌላው በርክክብ ካልተላለፈ፣ በግርግር ጊዜ ምን እንደጠፋ እንኳ መናገር አይቻልም።

ዛሬ የራያ ደብር ጣሪያ ቆርቆሮ ሲቀየር ወጪው ብዙ ጊዜ ከዓረብ አገር ነው የሚመጣው። ሳዑዲ ሄዳ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስእለቷን በባንክ ትልካለች፤ አገር ቤት ያለ ወንድሟ በቴሌብር ያስገባል። ችግሩ የሚጀምረው ገንዘቡ በማን ስም እንደሚገባ ላይ ነው። በኮሚቴ አባል የግል ሒሳብ የገባ ስጦታ፣ ሰውየው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ለኦዲት አይቀርብም። ላኪዋ የደብሩን የባንክ ሒሳብ ቁጥር መጠየቅ፣ ደረሰኙ በፎቶ እንዲላክላት ማድረግ፣ ደረሰኙ ላይም «ለጣሪያ» ተብሎ እንዲጻፍ ማዘዝ ትችላለች። ይህን የምታደርግ ግን ጽሕፈት ቤቱን ሌላ ፈተና ላይ ትጥለዋለች፦ ለጣሪያ የተላከው ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ፣ ቀዳሹ ዲያቆን ቀለብ ከቆመበት ሦስተኛ ወሩ ሊሆን ይችላል። ኮሚቴው ከጣሪያው ሊበደር ይፈልጋል፤ ቁጥጥሩ አይሆንም ይላል። በየአጥቢያው የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ እስኪመሽ የሚያቆየው ብዙ ጊዜ ይኸው ክርክር ነው።