ባሕር የዋጠው ዋሻ

አንባቢ ሆይ፤ በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ አጠገብ፥ በሜዲቴራኒያን ገደል ሥር፥ በሩ ከባሕሩ ገጽ 37 ሜትር ዝቅ ያለ አንድ ዋሻ አለ። ጠላቂው ኦንሪ ኮስኬር በ1985 እ.ኤ.አ. የታመቀ አየር ተሸክሞ ከ100 ሜትር በላይ በጨለማ ከዋኘ በኋላ በደረቅ አዳራሽ ብቅ አለ። በግድግዳው ላይም የፈረስና የእጅ ጥንታዊ ሥዕል ተገኘ። ሠዓሊዎቹ የገቡት በእግራቸው ነበር፤ በበረዶው ዘመን ባሕሩ እጅግ ዝቅ ያለ ነበርና።

ግን በ1991 እ.ኤ.አ. ሦስት ጠላቂዎች በዚያው መተላለፊያ ሞቱ። ጭቃው ሲታወክ መብራት አያሳይም፤ ከራስ በላይም ጣራ እንጂ አየር የለም። ስለዚህ ብልኅ ጠላቂ የመመለሻ ገመድ ይዘረጋል፤ ከአየሩም አንድ ሦስተኛውን ለመግቢያ፥ አንድ ሦስተኛውን ለመውጫ፥ የቀረውን ለክፉ ጊዜ ያደርጋል።

አንተ ግን ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ብትወርድ፥ በ1933 እ.ኤ.አ. የተጠናውንና ፈረንሳዮች ፖርክ ኤፒክ፥ ማለት ጃርት፥ ያሉትን ባለ ሥዕል ዋሻ ያለ ገመድና ያለ አየር ትደርስበታለህ። የማርሴዩን ሥዕል ከፍ የሚለው ባሕር እያጠበ ይወስደዋል፤ የእኛን የሚያጠፋው ግን ጭስና የጎብኚ ጣት ነው። እይ፤ አትንካ።