በጎደለ ብርሃን የተገኘ ጋዝ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በሚገኘው የእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የቆመው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። እነዚህ ቴሌስኮፖች ለዓይን የሚታየውን ብርሃን ይሰበስባሉ እንጂ ከኅዋ የሚመጣውን ኤክስሬይ ሊይዙ አይችሉም፤ ኤክስሬይን የምድር አየር ውጦ ስለሚያስቀረው የትኛውም ተራራ፣ ምን ያህል ቢረዝም፣ ለዚህ ሥራ አይበቃም። በዚህም ምክንያት የኤክስሬይ ሥነ ፈለክ በሳተላይት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ለዚሁ ጥናት ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኡሁሩ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1970 ከኬንያ የባሕር ዳርቻ አጠገብ ከቆመ መድረክ ተወነጨፈች።

በኤክስሬይ ከሚጠኑት ነገሮች አንዱ በጋላክሲያችን ዙሪያ ያለው ጋዝ ነው። ምድርና ፀሐይ የሚገኙበት ጋላክሲ፣ ማለትም ፍኖተ ሐሊብ፣ በሞቃት ጋዝ ሳይከበብ እንዳልቀረ አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ላይማን ስፒትዘር እ.ኤ.አ. በ1956 አስቀድመው ጽፈው ነበር። ጋዙ እጅግ የሳሳ በመሆኑ የራሱ ጨረር ደካማ ነው፤ ስለዚህም ተመራማሪዎች ከጀርባው ያለ ደማቅ የኤክስሬይ ምንጭ ይመርጡና ጨረሩን በሞገድ ርዝመቱ ዘርዝረው፣ በመንገዱ ላይ የትኛው ሞገድ እንደጎደለ ይመረምራሉ። ጉድለቱ የመምጠጥ መስመር ይባላል። ከ8 ኤሌክትሮኖቹ 6ቱን በሙቀት ያጣ ኦክስጅን 2.16 ናኖሜትር፣ 7ቱን ያጣው ደግሞ 1.90 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለውን ኤክስሬይ ስለሚመጥ፣ የሁለቱ መስመሮች ጥልቀት ሲነጻጸር የጋዙ ሙቀት ይታወቃል። ጋዙ ከሩቁ ምንጭ አጠገብ ቢሆን ኖሮ የኅዋ መስፋፋት መስመሩን ወደ ረጅም ሞገድ ይገፋው ነበር፤ መስመሩ በቦታው መገኘቱ ግን ጋዙ በእኛው ጋላክሲ ዙሪያ ለመኖሩ ማስረጃ ነው።

ተመራማሪዎቹ አንጃሊ ጉፕታ፣ ስሚታ ማቱርና ባልደረቦቻቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የመጠቀችው ቻንድራ የተባለች ሳተላይት ስምንት ምንጮችን አይታ የሰበሰበችውን መረጃ ተንትነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የጋዙ ሙቀት ከ1 እስከ 2.5 ሚሊዮን ኬልቪን እንደሚደርስ፣ ክብደቱም ከ10 ቢሊዮን ፀሐዮች እንደሚበልጥና ምናልባትም የጋላክሲውን ከዋክብት በሙሉ ሊያክል እንደሚችል አሳወቁ። መምጠጥ በጨረሩ መንገድ ላይ ያለውን የጋዝ መጠን ብቻ ስለሚናገር፣ ክብደቱ ጋዙ እስከየት እንደተዘረጋ በሚወሰደው ግምት ላይ ይንጠለጠላል፤ ክርክሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ግምቱ ከጸና ግን፣ በጋላክሲዎች ውስጥ ይኖራል ተብሎ ከሚጠበቀው ተራ ቁስ ሳይገኝ የቀረው ክፍል የት እንዳለ በከፊል ይታወቃል።

መስመሮቹ በደንብ የሚለኩት ምንጩ እጅግ ሲደምቅ በመሆኑ፣ ቻንድራ እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ማርካሪያን 421 የተባለው፣ 400 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው ጋላክሲ በደመቀባቸው ጊዜያት ወደ እሱ ዞራ ነበር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በሰሜኑ ሰማይ ያለው ይህ ምንጭም ሆነ በደቡቡ ያለው ሌላ ምንጭ፣ ፒኬኤስ 2155-304፣ ከእንጦጦ ይታያሉ፤ የደመቀና የደበዘዘ ብርሃናቸውን በየጊዜው መለካትም ለ1 ሜትር ቴሌስኮፕ የሚመጥን ሥራ ነው። የተራራው ከፍታ ለኤክስሬይ ባይጠቅምም፣ የቦታው አቀማመጥ ጋዙ የሚመረመርባቸውን የሁለቱንም ሰማይ ምንጮች ለመከታተል ይጠቅማል።