መውጫን አስቀድሞ መወሰን

አክሲዮን ለዓመታት የሚይዝ ሰው የኩባንያውን ሒሳብ ይመረምራል። ለጥቂት ቀናት ገዝቶ የሚሸጠው ነጋዴ ግን ዓይኑን ከዋጋው ገበታ ላይ አይነቅልም። ገበታው ላይ የተደረደሩት «ሻማዎች» እያንዳንዳቸው የአንድ ቀን ወይም የአንድ ሰዓት ውሎ ናቸው፤ ወፍራሙ አካል መክፈቻና መዝጊያ ዋጋውን፣ ቀጫጭኖቹ ክሮች ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ያሳያሉ። አሳሳሉ የጃፓኖች ነው። ፈጣሪው ሆማ ሙኔሂሳ የተባለ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሩዝ ነጋዴ ነው ይባላል፤ ነገሩ ግን ከታሪክ ይልቅ ወደ ትውፊት ያደላል። ምዕራባውያን በሰፊው የተዋወቁት ስቲቭ ኒሰን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ ነው።

ጀማሪ ቀድሞ የሚያጠናው ዋጋው ገበታው ላይ የሚሠራቸውን ቅርጾች ስም ነው፦ ራስና ትከሻ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ባንዲራ፣ ድርብ ወለል። ስሙን መሸምደድ እምብዛም አይጠቅምም። ቅርጽ የሚፈለገው «ግምቴ መሳሳቱን በየትኛው ዋጋ ላይ አውቃለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ስለሚሰጥ ነው፤ ስቶፕ ሎስ፣ ማለትም ኪሳራን ለመገደብ አስቀድሞ የሚሰጠው የሽያጭ ትዕዛዝ፣ የሚቀመጠውም እዚያ ላይ ነው።

ድርብ ወለልን እንውሰድ። ዋጋው ወደ 48.20 ዶላር ይወርዳል፣ እስከ 49.80 ያገግማል፣ እንደገና 48.20 አካባቢ ወርዶ ይነሣል። 49.80ን ሲሻገር ነጋዴው በ50 ይገዛና ስቶፑን ከወለሉ ሥር፣ 48 ላይ ያደርጋል። በተለመደው ስሌት የቅርጹ ቁመት 1.60 በ49.80 ላይ ተደምሮ ግቡ 51.40 ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ ነገር አለ፦ ሰውየው 1.40 ለማግኘት 2 ዶላር አስይዟል። ከ10 ንግድ 6ቱን ቢያሸንፍ እንኳ ከአሥሩም ተደምሮ በአንድ አክሲዮን የሚተርፈው 40 ሳንቲም ነው፤ እሱም የደላላው ክፍያ ሳይነሣለት።

ስለዚህ ታጋሾቹ ዋጋው ከተሻገረ በኋላ ተመልሶ 49.80ን እስኪጎበኝ ይጠብቃሉ። በ49.90 ገዝተው ስቶፑን 49.20 ላይ ሲያደርጉ 70 ሳንቲም አስይዘው 1.50 ይጠብቃሉ። ጉዳቱ ዋጋው ሳይመለስ ሊሮጥ መቻሉ ነው፤ ከተመለሰም የተጠጋ ስቶፕ በተራ መወዛወዝ ይነካና ያስወጣል። ደጋግሞ መውጣትና መግባት ደግሞ ደጋግሞ መክፈል ነው። ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1996 የ66,465 አሜሪካውያን ቤተሰቦችን ሒሳብ ሲመረምሩ፣ ገበያው በዓመት 17.9 በመቶ ሲያስገኝ አብዝተው የሚገበያዩት ያገኙት 11.4 በመቶ ብቻ ነበር።

የሚገዛው አክሲዮን ብዛት የሚሰላው ስቶፑ ከታወቀ በኋላ ነው። 10,000 ዶላር ያለው ሰው በአንድ ንግድ ከ1 በመቶ በላይ ላላጣ ካለ፣ ሊያጣ የፈቀደው 100 ዶላር ነው። በመጀመሪያው ዕቅድ 100 ለ2 ተካፍሎ 50 አክሲዮን ይገዛል፤ በሁለተኛው 142። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ብዛቱን አስቀድሞ የቆረጠ ሰው ስቶፑን የሚወስንለት ገበታው ሳይሆን ኪሱ ነው።

ስቶፕ ሎስ ግን ዋስትና አይደለም። ዋጋው 48 ሲነካ ትዕዛዙ «በተገኘው ዋጋ ሽጥ» ወደሚል ይለወጣል። ኩባንያው ማታ መጥፎ ውጤት አውጥቶ አክሲዮኑ በማግሥቱ በ43 ቢከፈት የሚሸጠውም እዚያው ገደማ ነው፤ 50 አክሲዮን ለያዘው ሰው የ100 ዶላሩ ኪሳራ 350 ይሆናል። እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2010 የአሜሪካ ገበያ በደቂቃዎች ውስጥ ሲናድ፣ አንዳንድ አክሲዮኖች ለቅጽበት በአንድ ሳንቲም ተሸጠዋል። የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ2016 የስቶፕ ትዕዛዞችን መቀበል አቁሟል፤ ደላሎች ግን በራሳቸው ሥርዓት ያስተናግዷቸዋል።

በጥር 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ይህን ዓይነት ንግድ ማሰብ ገና ነው። ወጋገን ባንክ ቀዳሚ ሆኖ ገበያው ሲከፈት የተመዘገቡት ኩባንያዎች ጥቂት ነበሩ፤ ስቶፕ ሎስ ደግሞ የሚሠራው ሻጭ በመጣ ቁጥር ገዢ በሚገኝበት ገበያ ነው።