መጽሐፍን በእጅ መጠረዝ፦ ወስፌ፣ ክርና ትንሽ ትዕግሥት



በዚህ እትም ስለ አንድ የትርፍ ጊዜ ሥራ ልናወጋችሁ ነው። መነሻችን አንድ የስምንተኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ ነው። እዚህ ጅቡቲ ከተማ ማታ ማታ በምናስጠናበት ክፍል ለአሥራ አንድ ተማሪ የነበረን ያው አንድ መጽሐፍ ሲሆን ተማሪዎቹ በተራ ቤት እየወሰዱ ያነቡት ነበር። በሐምሌ ሙቀት የጀርባው ሙጫ ተሰነጠቀና ቅጠሎቹ መውለቅ ጀመሩ። እኛም “ነገ እናስተካክለዋለን” እያልን ቆየን። አንድ ቀን ብንቆጥር ስለ ኤሌክትሪክ የሚናገረው ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ የለም! በፈተናው ላይ ግን የኤሌክትሪክ ጥያቄ ወጣ። ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን የእኛ ነበር።

ለመሆኑ መጽሐፍ ለምን ይበታተናል? ብዙዎቹ የመማሪያ መጻሕፍት ገጾቻቸው በጀርባ በኩል ተቆርጠው በትኩስ ሙጫ የተጣበቁ ናቸው። ይህ ሙጫ ሙቀት ሲበዛበት ይላላል፣ ሲያረጅ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ አገር በክረምቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አስቡት። ደብተሮቻችንም ቢሆኑ በሽቦ የተያዙ ናቸው፤ የባሕሩ ጨዋማ እርጥበት ሽቦውን ያዝገዋል፣ ዝገቱም ወረቀቱን ይበላዋል። በክር የተሰፋ መጽሐፍ ግን ሙጫ ባይኖረውም አይለቅም።

ይህ የፈረንጅ ሙያ እንዳይመስላችሁ። በኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት የብራና መጽሐፍ የሚጠረዘው በዚሁ መንገድ ነው፦ ብራናው ታጥፎ ጥራዝ ጥራዝ ይሆናል፣ ጥራዞቹ በክር ወይም በጅማት እርስ በርሳቸው ይሰፋሉ፣ ከፊትና ከኋላ የእንጨት ገበታ ይያያዛል፣ ከዚያም ቆዳ ይለብስና ይደጎሳል። በመጨረሻ ማኅደር ይሰፋለትና ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ይህን ሁሉ ዶክተር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በ1981 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተሙት መጽሐፍ ዘርዝረውታል። በአድዋ አቅራቢያ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ብራና በቤተ ሙከራ ሲመረመር ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል። ወደዚህ ወደ እኛ ቀረብ ስንል ደግሞ ሐረር አለች። የሐረር ጠራዦች ቁርኣንና የትምህርት ኪታቦችን በቆዳ ሲጠርዙ ኖረዋል፤ በ1855 እ.ኤ.አ. ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተንም ሙያቸውን አድንቆ ጽፏል። ስለዚህ በመጠለያ ጣቢያው ያላችሁ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም አያቶቻችሁ ከዚህ ሥራ ሩቅ አልነበሩም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሚያስፈልገው ወስፌ፣ ሁለት መርፌ፣ ጠንካራ ክር፣ የሻማ ቁራጭና የካርቶን ሽፋን ነው። ክሩን እኛ ያገኘነው መሐሙድ ሐርቢ አደባባይ (ነባሮቹ ራምቦ አደባባይ የሚሉት) አጠገብ ከተቀመጡ አንድ ጫማ ሰፊ ነው። ወስፌ አያያዝም ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ክሩን ሻማው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎትቱት፤ አይቋጠርባችሁም፣ ቀዳዳው ውስጥም ይይዛል።

አራት ወረቀት ደራርባችሁ ከመሃል እጠፉ፤ ይህ አንድ ጥራዝ ነው። ስምንት ወይም አሥር ጥራዝ አዘጋጁና ሌሊቱን ድንጋይ ጫኑበት። በማግስቱ በእጥፋቱ ላይ አራት ቀዳዳ ብሱ፤ ሁለቱ ከላይ በኩል፣ ሁለቱ ከታች በኩል ጥንድ ይሁኑ። ቀዳዳዎቹ በሁሉም ጥራዝ ላይ እኩል ቦታ እንዲውሉ ከካርቶን መለኪያ ቁረጡ። እኛ በዓይን ገምተን በስተን የመጀመሪያው ሥራችን እንደ ሰካራም ዘምሞ ቀርቷል።

ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ክር ይበቃል፤ በሁለቱም ጫፍ መርፌ ይኖረዋል። ሁለቱ መርፌዎች ከውጭ በየቀዳዳቸው ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ እጥፋቱ ውስጥ ይተላለፉና አንዱ በሌላው ቀዳዳ ይወጣል። ከዚያ እያንዳንዱ መርፌ በሥሩ ባለው ጥራዝ ስፌት ስር ሾልኮ ወደሚቀጥለው ጥራዝ ይወጣል። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ሲሄድ ጀርባው ላይ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሰንሰለት ይሠራል። ክሩን ስትስቡ ወደ ጎን፣ በእጥፋቱ አቅጣጫ ሳቡ፤ ወደ ላይ ከሳባችሁ ወረቀቱ ይቀደዳል። እንዲህ የተሰፋ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ ብሎ ይከፈታል፣ ሲጽፉበትም እጅ አይታገልም።

የተበታተነ የመማሪያ መጽሐፍ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ቅጠሎቹ ነጠላ ነጠላ ስለሆኑ የሚሰፋ እጥፋት የለም። ፈጣኑ መንገድ ሁሉንም አስተካክሎ በጠርዙ በኩል ከላይ እስከ ታች በስቶ መስፋት ነው፤ በአንድ ማታ ያልቃል፣ ግን መጽሐፉ በደንብ አይከፈትም፣ ኅዳጉ ጠባብ ከሆነም ጽሑፉ ስፌቱ ውስጥ ይገባል። ሌላው መንገድ በቀጭን የወረቀት ቅዳጅ ሁለት ሁለት ቅጠል እያጣበቁ እንደገና እጥፋት መፍጠር ነው። ስምንት ቅጠል ባለው ጥራዝ አንደኛው ከስምንተኛው፣ ሁለተኛው ከሰባተኛው፣ ሦስተኛው ከስድስተኛው፣ አራተኛው ከአምስተኛው ይጣመራል፤ ድምሩ ሁልጊዜ ዘጠኝ ነው። የሒሳብ መምህራን ይህን ክፍል ውስጥ ብትጠቀሙበት አንከፋም። በእኛ አስተያየት ብዙ ልጅ የሚቀባበለው መጽሐፍ ይህ ልፋት ይገባዋል፤ ለሌላው የጠርዝ ስፌት ይበቃዋል።

ፕላስተር ግን በፍጹም! በሙቀቱ ሙጫው ቀልጦ ጎረቤት ገጽ ላይ ይለጠፋል፣ ፊደሉንም ይዞት ይነሳል። ለማጣበቂያ የዱቄት ሙጫ አፍልተን ሞክረን ነበር፤ ሳይደርቅ ድንጋይ ጭነንበት ብንሄድ ሻጋታ አወጣ፣ የተረፈውን በረሮ በላው። አሁን በነጭ ኮላ ነው የምንሠራው፤ ሲቀባ ስስ፣ ሲደርቅ በአየር።

የፊዚክሱን መጽሐፍ ሦስት ሳምንት ፈጅተን ጠረዝነው። የጠፋውን ምዕራፍ ሁለት ተማሪዎች ከሌላ ክፍል መጽሐፍ ሥዕሉን ሳይቀር በእጃቸው ገለበጡት፤ እሱንም በቦታው ሰፋነው። ከታተሙት ገጾች መካከል በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው ክፍል ከሩቅ ይታያል። ወረፋው አሁንም አሥራ አንድ ሰው ነው። ወስፌያችንን የተዋሰ ሰው ካለ ግን እባካችሁ ይመልስልን፤ የኬሚስትሪው መጽሐፍ መሰንጠቅ ጀምሯል።