የቤት አይብና የሱቅ ቺዝ

ከወተት የሚገኘው ምግብ ሁሉ መነሻው አንድ ቢሆንም ጠባዩና ጥቅሙ እንደ አሠራሩ ይለያያል። ከጥንት ጀምሮ በአገራችን ቤቶች የሚሠራው አይብ አንዱ ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚታየውና በዳቦ ላይ የሚቀባው፥ ቀድሞ ፎርማጆ ዛሬ ደግሞ ቺዝ የሚባለው ሌላው ነው። ሁለቱም የወተት ልጆች ናቸው፤ ሆኖም አንዱ ከድስት፥ ሌላው ከፋብሪካ ስለ ወጣ፥ የሚያስፈልጋቸው ጥንቃቄ አንድ ዐይነት አይደለም።

መምህራንም ወላጆችም «ለልጅ የሚሻለው የትኛው ነው?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁናል። አንዳንዱ ሰው በብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለ ሁሉ ንጹሕና ገንቢ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ በቤት የተሠራ ሁሉ ጤና ነው ብሎ ያምናል። ሁለቱም አሳብ እኩሌታው እውነት፥ እኩሌታው ስሕተት ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን የሁለቱን አሠራር፥ ይዘትና ጉዳት በየተራው እንገልጣለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የአይብ አሠራር

አይብ የሚሠራው ከአሬራ ነው። የታለበው ወተት በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይጠራቀማል፤ በዚያም ረግቶ እርጎ ይሆናል። እርጎው ተገፍቶ ቅቤው ከወጣለት በኋላ የሚቀረው አሬራ በለዘብተኛ እሳት ላይ ይጣዳል። ሙቀት ሲሰማው ነጩ ክፍል እየጠጠረ ከውሃው ይለያል። ከቀዘቀዘ በኋላ ሲጠለል የጠጠረው አይብ፥ ፈሳሹ አጓት ይባላል። 1 ኪሎ ግራም አይብ ለማግኘት 8 ሊትር ያህል ወተት ያስፈልጋል።

ወተቱን የሚያረጉት በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን ናቸው። እነርሱ በወተቱ ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ኮምጣጣ አሲድ ይለውጡታል። ይህ ኮምጣጣነት ምግቡን ጣዕም ከመስጠቱም በላይ ብዙዎቹ የበሽታ ተሐዋስያን እንደ ልባቸው እንዳይራቡ ያግዳቸዋል። የወይራው ጭስም ለመዓዛ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ የዕቃውን ውስጥ በማድረቅና ተሐዋስያንን በማዳከም የበኩሉን ይረዳል። አያቶቻችን የተሐዋስያንን ስም ባያውቁም፥ ጠላትን ከወዳጅ ለመለየት የሚያስችል ዘዴ ነበራቸው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ አይቡ እንደ አገሩ ልማድ ይበላል። በጉራጌ ከክትፎና ከጎመን ጋር ይቀርባል። በጎጃም ደግሞ አጓቱ በደንብ ከጠፈፈ በኋላ በቅመም ታሽቶ ለረጅም ጊዜ እንዲብላላ የሚደረግ ሜጣጣ የሚባል አይብ አለ፤ ይህም ትኩሱ አይብ ቶሎ ስለሚበላሽ ለማቆየት የተገኘ ብልኀት ነው።

የሱቅ ቺዝ አሠራር

በዳቦ ላይ የሚቀባው ቺዝ የተወለደው ከአንድ የንግድ ችግር ነው። የስዊስ ነጋዴዎች ቺዛቸውን ወደ ሞቃት አገሮች ሲልኩ በመንገድ ላይ ይበላሽባቸው ነበር። በ1911 ዓ.ም. ቱን በምትባል የስዊስ ከተማ ዋልተር ገርበርና ፍሪትዝ ሽቴትለር የበሰለ ቺዝ ፈጭተው፥ ሲትሬት ከሚባል ጨው ጋር በሙቀት አቅልጠው፥ ሳይበላሽ የሚቆይ አዲስ ዐይነት ሠሩ። በ1916 ዓ.ም. ጄምስ ክራፍት በአሜሪካ ለተመሳሳይ ሥራ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ ሌዮን ቤል በፈረንሳይ አገር «ላ ቫሽ ኪ ሪ» ማለት «ሣቂዋ ላም» የተባለውን ቺዝ ለገበያ አወጣ። በሦስት ማዕዘን ተቆርጦ በብር መሳይ ወረቀት የሚጠቀለለው ቺዝ በዓለም የታወቀው በዚህ ስም ነው።

አሠራሩ ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ቺዝ ይፈጫል፤ ውሃ፥ ቅቤና የወተት ዱቄት ይጨመርበታል። ከዚያም ሲትሬት ወይም ፎስፌት የተባሉት ጨዎች ይገቡበታል። እነዚህ ጨዎች ካልሲየሙን ከፕሮቲኑ ላይ ስለሚያላቅቁት ፕሮቲኑ ይፈታና ቅባቱንና ውሃውን አንድ አድርጎ ይይዛል። ድብልቁ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት እየተማሰለ ይቀልጣል፤ ትኩስ እንዳለም በማሸጊያው ውስጥ ይፈሳል። ስለዚህ እጅና አየር ሳይነካው ይታሸጋል። ሳይበላሽ የሚቆይበት ምስጢርም ሙቀቱና እሽጉ ነው እንጂ የተለየ መድኃኒት አይደለም።

በይዘት ሲነጻጸሩ

ከ100 ግራም አይብ ውስጥ 79 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። ወደ 15 ግራም የሚጠጋው ፕሮቲን ሲሆን ቅባቱ 2 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ቅባቱ ቀድሞ በቅቤ መልክ ወጥቷልና። የሚቀባው ቺዝ ግን እንደ ፋብሪካው ቢለያይም፥ በ100 ግራም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ግራም ቅባት፥ ወደ 10 ግራም ፕሮቲንና ከ1 ግራም በላይ ጨው ይገኝበታል።

ይህን በገበታ ላይ ወደሚታይ ነገር እንመልሰው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ይህንኑ ያህል ከአይብ ለማግኘት 40 ግራም ይበቃል። ከሦስት ማዕዘኑ ቺዝ ለማግኘት ግን፥ አንዱ ቁራጭ ከ15 እስከ 17 ግራም ብቻ ስለሚመዝን፥ ወደ 4 የሚጠጋ ቁራጭ ያስፈልጋል። እንግዲህ አንዲት ቁራጭ ቺዝ በዳቦ ቀብቶ «ልጄ ዛሬ በቂ ገንቢ ምግብ በላ» የሚል ወላጅ ራሱን ያታልላል። በተለይም ቺዙን ለመግዛት ሲል የእንቁላሉን ወይም የወተቱን ገንዘብ የቀነሰ እንደ ሆነ፥ ልጁ ከገበያው ከሳሪ ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ፍርዳችን በአንድ ወገን ብቻ እንዳያጋድል የሱቁን ቺዝ ጥቅምም እንናገራለን። ካልሲየም ለአጥንትና ለጥርስ አስፈላጊ ነው። ወተት በኮምጣጣነት ሲጠጥር ከካልሲየሙ ብዙው ሟሙቶ ከአጓቱ ጋር ስለሚሄድ፥ አይብ በካልሲየም ከሱቁ ቺዝ ያንሳል። ስለዚህ አጓቱን ባይጥሉት መልካም ነው፤ በንጽሕና የተያዘ አጓት ሊጠጣ ይችላል።

በሌላ በኩል የጨው ነገር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ ለሕፃናት ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው የሚቀባ ቺዝ ባያዘወትር ይበጀዋል። የኩላሊት ሕመምተኛም ፎስፌት የተጨመረበትን ምግብ ከመብላቱ በፊት ሐኪሙን ሊጠይቅ ይገባል።

እንዲሁም ቺዝ የሚመስል ሁሉ ቺዝ አይደለም። በአንዳንዱ ዕቃ ላይ የላም ሥዕል ቢኖርም ውስጡ ያለው ቅባት ከዘንባባ ዘይት የተገኘ ሊሆን ይችላል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ዝርዝር የሚጀምረው በብዛቱ ከሚበልጠው ነገር ነውና፥ ከቺዝ በፊት ውሃ ወይም የአትክልት ዘይት ተጽፎ ከተገኘ ገዢው ምን እንደሚገዛ ይወቅ።

ሕመም የሚመጣው ከየት ነው?

አይብ በምግብነቱ የተመሰገነ ነው፤ አደጋው ያለው ባልፈላው ወተትና በእጅ ንጽሕና ላይ ነው። ካልፈላ ወተት የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ብሩሴሎሲስ የያዘው ሰው ለሳምንታት፥ አንዳንዴም ለወራት፥ ትኩሳት እየመጣ እየሄደ ያስቸግረዋል፤ ያልበዋል፤ መገጣጠሚያውንና ወገቡን ያመዋል። ምልክቱ ከወባና ከታይፎይድ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ ለሌላ በሽታ በተሰጠ መድኃኒት ሲንገላታ ይኖራል።

የዚህ በሽታ ታሪክ ለትምህርት ይጠቅማል። በማልታ ደሴት የሰፈሩት የእንግሊዝ ወታደሮች በማይታወቅ ትኩሳት ይሠቃዩ ነበር። በ1887 ዓ.ም. ዴቪድ ብሩስ የተባለው ሐኪም የበሽታውን ተሐዋሲ አገኘ፤ ነገር ግን በምን መንገድ ወደ ሰው እንደሚገባ አልታወቀም። በ1905 ዓ.ም. የማልታው ተወላጅ ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ጤነኛ በሚመስሉ ፍየሎች ውስጥ በሽታውን አገኘ። በሚከተለው ዓመት ወታደሮቹ የፍየል ወተት እንዳይጠጡ በተከለከሉ ጊዜ በሽታው በመካከላቸው ፈጥኖ ቀነሰ። ከዚህ የምንማረው፥ ከብቱ ጤነኛ መስሎ መታየቱ የወተቱን ጤንነት እንደማያረጋግጥ ነው።

«ታዲያ አይብ በእሳት ላይ ይጣድ የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁሉም እኩል አያሞቀውም። አሬራው በ40 ዲግሪም በ70 ዲግሪም ሙቀት አይብ ሊሆን ይችላል። 40 ዲግሪ ከሰውነታችን ሙቀት ጥቂት ብቻ ስለሚበልጥ ተሐዋስያንን አይገድልም። ወተትን ከበሽታ ለማጽዳት በ63 ዲግሪ 30 ደቂቃ፥ ወይም በ72 ዲግሪ 15 ሰከንድ ማቆየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ለባለሙያዋ እናት የምሥራች አለን፤ ሙቀቱን ከ40 ወደ 70 ዲግሪ ከፍ ማድረግ የአይቡን መጠንም ሆነ ይዘት ይህን ያህል አይለውጠውም። አይቡ እንዳይቀንስ ብሎ እሳቱን ቶሎ ማጥፋት ትርፍ የለውም።

ሁለተኛው አደጋ ከማብሰል በኋላ ይመጣል። በደንብ የሞቀው አይብ ባልታጠበ እጅ ቢጨመቅ፥ ባልፈላ ጨርቅ ቢጠለል፥ በመንገድ ዳር ባልጠራ ውሃ በታጠበ የኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ቢውል፥ የእሳቱ ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የታይፎይድና የተቅማጥ ተሐዋስያን በዚህ መንገድ ይገባሉ። እጁ ላይ መግል የያዘ ቁስል ያለበት ሰው አይብ ቢነካ ደግሞ ከቁስሉ የሚገባው ተሐዋሲ በምግቡ ውስጥ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ይህ መርዝ አንድ ጊዜ ከተፈጠረ በኋላ ምግቡን እንደገና ማሞቅ አያጠፋውም።

የሱቁ ቺዝ ከእነዚህ አደጋዎች የሚድነው እሽጉ እስኪከፈት ድረስ ብቻ ነው። ከተከፈተ በኋላ እንደ ማናቸውም ምግብ ይበላሻል። እንጀራ በነካ ቢላዋ እየተጨለፈ ቀን ሙሉ በጠረጴዛ ላይ የዋለ ቺዝ ከገበያው አይብ የሚለይበት ነገር የለውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ፤ አይብ በቤት የሚሠራ ከሆነ ወተቱ አስቀድሞ ይፍላ። ለብ ሲል፥ ከፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ አንድ ማንኪያ ይጨመርበትና በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ይርጋ።

2ኛ፤ አሬራው ሲጣድ አይቡ እንደ ተለየ ወዲያው አይውረድ። እንፋሎቱ በርትቶ በድስቱ ጠርዝ ትናንሽ አረፋ መታየት ሲጀምር እሳቱን ቀንሶ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይገባል።

3ኛ፤ ማጥለያው ጨርቅ በየጊዜው ይቀቀል። አይብ የምትሠራው ሴት እጇን በሳሙና ትታጠብ፤ ቁስል ወይም ተቅማጥ ካለባት ሥራውን ለሌላ ሰው ትተውለት።

4ኛ፤ ከገበያ የተገዛ አይብ ከመበላቱ በፊት እንደገና በደንብ ይሙቅ። ለጎመን በአይብ የሚሆነውም ከትኩሱ ጎመን ጋር አብሮ ቢበስል ይሻላል። በጾም መፍቻ ሰሞን ፈላጊው ስለሚበዛ፥ ሽታው የተለወጠ ወይም የተዝለገለገ አይብ እንዳይገዛ ጥንቃቄው ይጨምር።

5ኛ፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት አይብ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይለቅ። ማቀዝቀዣ ያለውም ቢሆን መብራት ለረጅም ሰዓት በተቋረጠ ጊዜ በቅዝቃዜው አይታመን።

6ኛ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ካልፈላ ወተት የተሠራ አይብ አትብላ። ሊስቴሪያ የተባለው ተሐዋሲ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ ሊራባ ይችላል፤ ፅንስንም ያስወርዳል። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር አይብም ቺዝም አይሰጠው።

7ኛ፤ የሱቅ ቺዝ ሲገዛ የማለቂያ ቀኑና ዝርዝሩ ይነበብ። ማሸጊያው ያበጠ ወይም የተቀደደ አይገዛ። ከተከፈተ በኋላም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መሠረት ይጠበቅ።

የጥያቄው መልስ ይህ ነው። በንጽሕና የተሠራና በሚገባ የሞቀ የቤት አይብ ለልጅ የተሻለ ገንቢ ምግብ ነው፤ ዋጋውም ከአቅም አይርቅም። ንጽሕናው ያልታወቀ አይብና የታሸገ ቺዝ ብቻ በቀረቡበት ቦታ ግን፥ ለምሳሌ በመንገድ ላይ፥ የታሸገው ይመረጣል። ሆኖም እርሱ የዳቦ ማጣፈጫ ነው እንጂ የምግብ ምሰሶ አይደለም።

መምህራን ሆይ፤ ይህን ነገር በክፍላችሁ ብታስረዱ ከእኛ ጽሑፍ ይልቅ ወደ ብዙ ማጀት ይገባል። ተማሪው ቤቱ ሲደርስ እናቱን «እማዬ፥ እሳቱን ጥቂት አቆይው» ብሎ ቢነግራት፥ ያ አንድ ቃል የአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ወራት ትኩሳት ሊያስቀር ይችላል።