የአንበጣ ሒሳብ

አንድ የበረሃ አንበጣ ሁለት ግራም ያህል ይመዝናል፤ በቀን የሚበላውም የክብደቱን ያህል ነው። ለብቻው ሲታይ የሚያሰጋ ፍጡር አይደለም። መንጋ ሲሆን ግን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 40 ሚሊዮን ይሰፍራል። ይህን በሁለት ግራም ስናባዛው 80 ቶን ይመጣል፤ 35 ሺህ ሰው በቀን የሚመገበውን ማለት ነው።

በ2020 እ.ኤ.አ. መባቻ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ የታየው መንጋ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 40 ኪሎ ሜትር ስፋት ነበረው። 2,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ከአዲስ አበባ ስፋት አራት እጥፍ ይበልጣል። በዚያው ስሌት የቀን ቀለቡ ለ84 ሚሊዮን ሰው ይበቃል። በዚያው ጥር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረ አውሮፕላን የፊት መስታወቱን አንበጣ ስለሸፈነበት ወደ አዲስ አበባ ለመዞር ተገዷል። ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ የሚከላከል ገበሬማ ቢሳካለት እንኳ መንጋውን ወደ ጎረቤቱ ማሳ ከመግፋት አያልፍም።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከማሳው ርቆ ነው። በ2018 ግንቦት ላይ መኩኑ፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ ሉባን የተባሉት አውሎ ነፋሶች ሩብ አል ኻሊ በተባለው የዓረቢያ በረሃ ላይ ዝናብ አወረዱ። አሸዋው ረጠበ፣ ሣር በቀለ፣ አንበጣው እንቁላሉን ጣለ። ሁኔታው ከተመቸው ቁጥሩ በሦስት ወር 20 እጥፍ፣ በስድስት ወር 400 እጥፍ፣ በዘጠኝ ወር 8,000 እጥፍ ይሆናል። መንገድም ጠባቂም በሌለበት ምድረ በዳ ሦስት ትውልድ ተፈለፈለ። ከዚያ የመን፣ ቀጥሎ ሶማሊያና ኢትዮጵያ፤ መንጋ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበራል።

አንበጣን መግታት የሚቀለው ኩብኩባ ሳለ፣ ክንፍ ሳያወጣ ነው። ያኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሌላ አገር መሬት ላይ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የበረሃ አንበጣን አብረው ለመከላከል በ1962 አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት ለዚህ ነው። ተደጋግሞ ጦር የተማዘዙት ሕንድና ፓኪስታን እንኳ የአንበጣ ባለሙያዎቻቸውን በክረምቱ ወራት ድንበር ላይ ሲያገናኙ ኖረዋል። በበረሃ የሚዞር የአሰሳ ባለሙያ ያየውን በሳተላይት ይልካል፤ ሮም ያለው የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ከነፋሱና ከዝናቡ ጋር አገናዝቦ መንጋው ወዴት እንደሚያመራ ለአገሮቹ ያሳውቃል።

መዘግየት ዋጋ አለው። ፋኦ በ2020 መጀመሪያ ለአፍሪካ ቀንድ 76 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ፤ ገንዘቡ ሳይሟላ የካቲት ሲያልቅ ጥያቄው 138 ሚሊዮን ደረሰ። ከ2003 እስከ 2005 ምዕራብ አፍሪካን የመታውን ወረርሽኝ ለመቆጣጠር የወጣው ወጪም፣ በፋኦ ስሌት፣ ለ170 ዓመት የመከላከል ሥራ ይበቃ ነበር። ስለዚህ አንበጣ በማይታይባቸው ዓመታት ለአሰሳ ቡድን ነዳጅና አበል መመደብ ብክነት አይደለም፤ እንዲያውም ከጠቅላላ ወጪው ሁሉ ርካሹ እርሱ ነው።